ዋጋው ሳይሆን መዘዙ፦ በደጋ አገር የሞተር መለዋወጫ አመራረጥ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በመለዋወጫ መደብር ባንኮኒ ላይ በየቀኑ የሚሰማ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ገዢው የዘይት ማጣሪያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ፊልትሮ፣ ይጠይቃል። ሻጩም «ኦርጂናሉን ነው ወይስ ሌላውን?» ብሎ ይመልስለታል። ገዢው ሁለቱን ዋጋዎች ያነጻጽራል፤ ኪሱን ይዳስሳል፤ ይወስናል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምሻው ጥያቄው ራሱ የተሟላ አለመሆኑን ነው። ዕቃ ስንመርጥ ልንጠይቃቸው የሚገቡ ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ይህ ዕቃ ሥራውን ቢያቋርጥ ምን ይዞ ይጠፋል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መኪናው የሚሠራው በየትኛው አገር፣ በየትኛው አየርና መንገድ ነው? የሚል ነው። እነዚህን ሁለቱን የመለሰ ሰው የዋጋውን ጥያቄ ለመመለስ አይቸገርም።

ለማሳያነት የምወስደው የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ደጋ፣ በተለይም ዘመሮን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ የመኪና ሞተር ቢቆም ባለቤቱ ታክሲ ይሳፈራል፤ ጎታች ይጠራል፤ ወደ ሱማሌ ተራ ወርዶ የሚፈልገውን ዕቃ ይገዛል። ከዘመሮ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ቅጥቅጥ ወይም ላንድክሩዘር መንገድ ላይ ቢቆም ግን የሚቀረው መኪናው ብቻ አይደለም። ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ወላድ፣ ለገበያ የተጫነ በግና ገብስ፣ ለፈተና የሚቸኩል ተማሪ አብረው ይቀራሉ። ስለዚህ በከተማ የወጪ ጉዳይ የሆነው የመለዋወጫ ምርጫ፣ በደጋው ገጠር የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ጉዳዩን በዚህ ዘመን አጣዳፊ የሚያደርጉት ሦስት እውነታዎች አሉ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በዕድሜ በገፉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የሦስቱ ድምር ውጤት እንዲህ ነው፦ ዛሬ በእጃችን ያሉት የነዳጅ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል፤ የሚጠገኑበት ዕቃ ግን ተወድዷል። ዕቃ ሲወደድ ደግሞ አስመስሎ የተሠራው ገበያ ያገኛል።

ስያሜዎቹን እንለይ

በገበያችን «ኦርጂናል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚሸከም አስቀድመን እንለየው። በእኔ አከፋፈል የሞተር መለዋወጫ አምስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በመኪናው አምራች ስምና ካርቶን የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ ለመኪናው አምራች የሚያቀርበው ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሸጠው ነው። የመኪና አምራቾች ማጣሪያን፣ ካንዴላን፣ ቺንጋን ሁሉ ራሳቸው አይሠሩም፤ ከሌሎች ፋብሪካዎች ይገዛሉ። ለምሳሌ ዴንሶ በ1949 እ.ኤ.አ. ከቶዮታ ተለይቶ የወጣና እስከ ዛሬ ለቶዮታ ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ሦስተኛው ለመኪናው አምራች ባያቀርብም በራሱ ስም የሚታወቅ፣ የሚሠራበትን ልክ በጽሑፍ የሚያሳውቅ ፋብሪካ ምርት ነው። አራተኛው የሌላውን ስምና ካርቶን ሰርቆ የሚሸጠው፣ ሕዝቡ «ፎርጅድ» የሚለው ነው። አምስተኛው ከሌላ መኪና የተፈታ ያገለገለ ዕቃ ነው።

ከእነዚህ መካከል ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው በዋጋ ያንሳል፤ በጥራት ግን አያንስም። ሦስተኛውም ለብዙ አገልግሎት በቂ ነው። አደጋው ያለው አራተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም እንኳ ካርቶኑ ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም። እንግዲህ «ኦርጂናል ወይስ ሌላ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን በአንድ ከረጢት መክተቱን ልብ በሉ። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የከፍታው ፈተና፦ የራዲያተር ክዳን

አሁን ወደ አገሩ እንምጣ። የመንዝ አምባ በብዙ ቦታ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 70 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 101 ነው። ስለዚህ ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ በመንዝ በ90 ዲግሪ ይፈላል። ይህን የመንዝ እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ባቄላ ለማብሰል ከቆላ ሰው ይልቅ ረጅም ጊዜ እሳት ታነዳለችና። ባለመኪናው ግን ይህንኑ ሕግ በራዲያተሩ ላይ አያየውም።

የሞተር ቴርሞስታት እንደ ሞተሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ክልል መከፈት ይጀምራል። እንግዲህ ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀትና ውኃው በመንዝ በሚፈላበት ሙቀት መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ርቀቱን የሚያሰፋልን አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን። ክዳኑ መዝጊያ ብቻ ሳይሆን ግፊት የሚይዝ ቫልቭ ነው። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። 0.9 የሚለው ከውጭው አየር በላይ 88 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይይዛል ማለት ነው። ይህን በ70 ላይ ስንደምረው 158 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ በዚህ ግፊት ንጹሕ ውኃ የሚፈላው በ113 ዲግሪ ገደማ ነው። የክዳኑ ምንጭ ወይም ጎማ ከደከመ ግን ወደ 90 ዲግሪ እንመለሳለን። አንድ ርካሽ ዕቃ የ23 ዲግሪ መጠባበቂያ ይሰጠናል ወይም ይነፍገናል ማለት ነው።

ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ አስቡ። መኪናው ወደ ጀማ ወንዝ በረሃ ይወርድና፣ በሙቀቱ ውስጥ ተጭኖ በዝቅተኛ ማርሽ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ተመልሶ ይወጣል። ደካማ ክዳን የተገጠመለት ሞተር ውኃውን የሚተፋው በዚህ ዳገት ነው። ውኃው ሲጎድል ቴስታታው ይጣመማል፤ ጋርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ሞተሩ ይወርዳል።

ታዲያ ትልቁን ቁጥር መግጠም መፍትሔ ይሆናል? አይሆንም። 0.9 በታዘዘለት አሮጌ ራዲያተር ላይ 1.1 ብንገጥም ጎማ ቧንቧዎቹንና ብየዳዎቹን እናፈነዳለን። የሚገጠመው አምራቹ ያዘዘው ነው። ከዚያም ንጹሕ ውኃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት ይጨመርበታል። ኩላንት የመፍያውን ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ያሳድጋል፤ ዝገትን ይከላከላል፤ በጓሳ በኩል ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች ደግሞ ውኃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅ ይጠብቃል።

አቧራው፣ ብርዱና በርሜሉ

ሁለተኛው የአገሩ ፈተና አቧራ ነው። በገጠራችን ብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚገኘው ዋን ኤች ዜድ የተባለው ሞተር 4.2 ሊትር ይዘት አለው። በደቂቃ 2,500 ዙር ሲሠራ በንድፈ ሐሳብ በሰዓት 315 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። 5 በ4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 60 ሜትር ኩብ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ በየሰዓቱ የአምስት ክፍል አየር ይተነፍሳል ማለት ነው። በጠጠር መንገድ፣ ከሌላ መኪና ኋላ ሲነዳ፣ ያ አየር በደቃቅ የድንጋይ ብናኝ የተሞላ ነው። ለሞተር እጅግ ጎጂ የሆነው ዓይን የሚያየው ጠጠር ሳይሆን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚሆነው ብናኝ ነው፤ በፒስተን ቀለበትና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ያለችው የዘይት ሽፋን ውፍረት ከዚህ ጋር ይቀራረባልና። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ካስታወሳችሁ መጠኑ ይገባችኋል።

የአየር ማጣሪያ ስንመርጥ ብዙዎቻችን ወረቀቱን እናያለን። እኔ አስቀድማችሁ ዳሩን እንድታዩ እመክራለሁ። የጎማው ከንፈር ጠንካራ ከሆነ፣ ቁመቱ ከቤቱ በሁለት ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ ብናኙ በወረቀቱ ሳያልፍ በጎን ይገባል፤ በጣም ጥሩ ወረቀትም ከንቱ ይሆናል። ማጣሪያውን ከመሬት ጋር እያጋጩ ማራገፍም ሆነ በኃይለኛ የኮምፕሬሰር አየር መንፋት ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ ዳሩንም ያጣምመዋል። በደጋ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በ3,000 ሜትር የአየሩ እፍጋት የባሕር ጠለሉ 74 በመቶ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ቀድሞውኑ አየር የተራበ ነው፤ የታፈነ ማጣሪያ ሲጨመርበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጥላሸቱም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። አምራቾች በጥገና ሠንጠረዣቸው አቧራማ መንገድን «ከባድ አገልግሎት» ብለው ለይተው አጭር የመለወጫ ጊዜ የሚሰጡት ለዚህ ነው። የእኛ ሠንጠረዥ ይኸኛው ነው።

ሦስተኛው ፈተና የማለዳው ብርድ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ዘይት ይወፍራል። በዘይት ማጣሪያ ውስጥ ከውጭ የማይታዩ ሁለት ቫልቮች አሉ። አንደኛው ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከማጣሪያው ተመልሶ እንዳይፈስ ያግዳል፤ ይህ ከሌለ በየማለዳው ሞተሩ ሲነሣ ብሮንዚናዎቹ ለጥቂት ሰከንድ ያለ ዘይት ይዞራሉ። ሁለተኛው፣ በአንዳንድ መኪና በማጣሪያው ውስጥ በሌላው ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ የሚገኘው፣ ዘይቱ ሲወፍር ወይም ወረቀቱ ሲደፈን ተከፍቶ ዘይቱን በሌላ መንገድ ያሳልፋል። ተማሪዎቼ በወርክሾፕ የዘይት ማጣሪያዎችን በመጋዝ ሲከፍቱ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። በደህናው ውስጥ ብዙ እጥፋት ያለው ወረቀት፣ ለስላሳ ጎማና ምንጭ ይገኛል። አስመስሎ በተሠራው ውስጥ ጥቂት እጥፋት፣ የደረቀ ጎማ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ቫልቭ የሌለው ቆርቆሮ ይገኛል። የሁለቱም ጥርስ በአንድ ዓይነት ልክ ስለሚገባ «ገጠመ» ማለት «ሠራ» ማለት አይደለም።

ዘይቱንም በቁጥሩ እናንብብ። 15ደብሊው-40 የሚለው የመጀመሪያው ክፍል በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ጊዜ ያለውን ውፍረት ይናገራል። ፊተኛው ቁጥር የሌለው፣ 40 ብቻ የተጻፈበት ዘይት በብርድ ስለሚኖረው ጠባይ ምንም ቃል አይገባም። ኤፒአይ በሚለው ምልክት ሥር በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው።

አራተኛው ፈተና ነዳጁ ነው። ማደያ በሌለበት ወይም ነዳጅ በሚጠፋበት ጊዜ ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ይጓዛል። በርሜል ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ጤዛ ይሠራል፤ ውኃው ከታች ይተኛል። በቆየው ሥርዓት የሚሠራ ፖምፓ ይህን ለጥቂት ጊዜ ይታገሥ ይሆናል። ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጨው የአሁኑ ዘመን ናፍጣ ሞተር ግን አይታገሥም። ስለዚህ አዲሶቹን ሃይሉክስና ሃይሴ መኪኖች የሚነዱ ወገኖች በነዳጅ ማጣሪያ ላይ የሚያደርጉት ቁጠባ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የማጣሪያው ዋጋ ከአንድ ኢንጄክተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባምና።

የመዘዙ ሒሳብ

ለተማሪዎቼ ይህን በቀላል ስሌት አሳያቸዋለሁ። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ርካሹ ክዳን ከደህናው 300 ብር ይቀንሳል እንበል፤ ሞተር ማውረድና ማሠራት ደግሞ 150,000 ብር ይፈጃል እንበል። 300ን ለ150,000 ስናካፍል አንድ አምስት መቶኛ እናገኛለን። ርካሹ ክዳን ከ500 አጋጣሚ በአንዱ እንኳ ሞተር የሚያስወርድ ከሆነ ቁጠባው ተበልቷል። ከ500 በላይ በሆነ ልክ አስተማማኝ መሆኑን የሚነግረን ማን ነው? ካርቶኑ አይደለም። በዚህ ስሌት ውስጥ መንገድ ላይ የቀረችውን ወላድ አላስገባንም።

በዚህ መሠረት ዕቃዎችን በሦስት ደረጃ እመድባለሁ። በመጀመሪያው ደረጃ ሲከሽፉ ሞተሩን ይዘው የሚሄዱት አሉ፦ የዘይትና የነዳጅ ማጣሪያ፣ የራዲያተር ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ የውኃ ፖምፓ፣ እንዲሁም የታይሚንግ ቺንጋ። ከላይ የጠቀስሁት የላንድክሩዘር ሞተር ታይሚንጉ በቺንጋ የሚሠራ ነው፤ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ጎማ በመደርደሪያ ላይም ያረጃልና የተሠራበትን ጊዜ ሳያዩ መግዛት አይገባም። በእነዚህ ሁሉ ላይ ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ዓይነት ዝቅ ማለት የለብንም፤ ያገለገለውንማ ፈጽሞ። በሁለተኛው ደረጃ ሲከሽፉ ሞተሩን ቀስ በቀስ የሚያዳክሙት የአየር ማጣሪያና ካንዴላ ይገኛሉ፤ እዚህ ላይ የታወቀ የሦስተኛው ዓይነት ምርት ይበቃል። ካንዴላ ሲለወጥ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው «ቀዝቃዛ» ይሆናል፤ በቦሽ ግን ተገላቢጦሹ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የአንዱን በሌላው የተካ ሰው ትርጉሙን ገልብጦታል። በሦስተኛው ደረጃ የዳይናሞ ማቀፊያ፣ የብረት ድጋፎች፣ ክዳኖችና መሸፈኛዎች አሉ፤ በእነዚህ ላይ ከሱማሌ ተራ የተፈታ ዕቃ መግዛት ብልህነት ነው። ገንዘብ የሚቆጠበው ከዚህ ሲሆን፣ የተቆጠበውም ለመጀመሪያው ደረጃ ይውላል።

ባንኮኒው ፊት

ወደ መደብር የሚሄድ ሰው የመኪናውን ስምና ሞዴል ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ቢቻል አሮጌውን ዕቃ ይያዝ። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር በአምስት አምስት የተከፈለ ባለ 10 አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይነግራሉ። 17801 የአየር ማጣሪያ፣ 16401 የራዲያተር ክዳን፣ 13568 የታይሚንግ ቺንጋ ነው። ካርቶኑ ሌላ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈው ሌላ ከሆነ ግዢው ይቁም። የዘይት ማጣሪያውን በዙሪያው ባሉት ቀዳዳዎች በባትሪ ብርሃን ብታዩ የሚያግደውን ጎማ ታገኙታላችሁ። ከሁሉ በላይ ደረሰኝ ተቀበሉ። የሌላውን የንግድ ምልክት አስመስሎ መጠቀም በአዋጅ ቁጥር 501/1998፣ ሸማችን ማሳሳት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ ሆኖም ደረሰኝ የሌለው ሸማች አቤቱታው ከቃል አያልፍም።

በቤት የሚደረግ አንድ ፍተሻም ልጨምር። ቴርሞስታትን በድስት ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ከቴርሞሜትር ጋር ማፍላት የቆየና ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን በመንዝ ውኃው ከ90 ዲግሪ በላይ አይሞቅም። በ82 የሚጀምረው ቴርሞስታት ሲከፈት ታያላችሁ፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ከሆነ ግን በድስት አታዩትም። ግማሽ ተከፍቶ ቀረ ብላችሁ ደህናውን አትጣሉት፤ ጉድለቱ የዕቃው ሳይሆን የከፍታው ነው።

የመምሪያ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ለሌላ አገር አየር ነው። የእኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሥራ እነርሱን መሸምደድ ሳይሆን በ3,000 ሜትር፣ በጠጠር መንገድና በበርሜል ነዳጅ ላይ ምን ትርጉም እንዳላቸው ማስላት ነው። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ወደየወረዳችሁ ስትመለሱ የራዲያተር ክዳን መፈተሻ ፓምፕ ያለበት አንድ ጋራዥ እንኳ እንዲኖር ብታደርጉ፣ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበልጥ አገልግሎት ሰጣችሁ እላለሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከመካኒኮቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።